ጋሽ እሺ ለኮምፒውተራቸው «አይ» ያሉበት ቀን

ጠዋት ሙጫ ልገዛ ወጥቼ ከወረቀት መደብሩ ጥግ ስደርስ፣ ጋሽ እሺ የወረቀት ክምር በደረታቸው አቅፈው፣ ነፋሱ እንዳይነጥቃቸው አገጫቸውን ከላይ ጭነው ሲመጡ ድንገት ተገናኘን። አገጫቸውን ቢያነሡ ወረቀቱ ሊበተን ስለሆነ በቅንድባቸው ብቻ ሰላም አሉኝ።

«ጠራዡ! እንኳን አገኘሁህ። እግሬን ወደ አንተ አንሥቼ ነበር። በል ተቀበለኝ፣ አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።»

ተቀበልኳቸው። እኔ መጽሐፍ በመጠረዝ የምተዳደር ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ፣ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለባለጉዳይ ደብዳቤና ማመልከቻ ይጽፋሉ። «ጋሽ እሺ» ያላቸው ሰፈሩ ነው። «አይ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ የለም። አልጋ አግዙኝ ሲባሉ እሺ፣ ልጅ ያዙልኝ ሲባሉ እሺ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ለሁለት ቦታ ቀጥረዋቸው ለሁለቱም እሺ ብለው ሲሮጡ ውለዋል፤ ከሁለቱም ሳይደርሱ።

ያቀፉት ወረቀት ተራ ወረቀት አልነበረም። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩት መምህርት ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ወዳለበት ከተማ ሊሄዱ ነው። ሽኝታቸው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ከቅርብም ከሩቅም አርባ ሦስት ደብዳቤ በኢሜይል ልከዋል። ጋሽ እሺ ሊያትሙት፣ እኔ ልጠርዘው፣ አንድ መጽሐፍ አድርገን ልናበረክትላቸው ተስማምተናል። ሌላ ስጦታ አልተዘጋጀም። የመጽሐፍ ጀርባ ሙጫው ደርቆ እስኪይዝ ሌሊቱን ሙሉ በክብደት ሥር ማደር ስላለበት፣ ገጾቹ በዚያው ቀን ከስድስት ሰዓት በፊት ካልደረሱኝ መጽሐፉ የለም ማለት ነው።

ሥራውን ለጋሽ እሺ የሰጣቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው የወሰዱት። ፊደል ያስቆጠሯቸው እኒሁ መምህርት ናቸው። ያን ጊዜ ጋሽ እሺ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ፣ የመጋዘን ተሸካሚ ነበሩ። ማንበብ ሲችሉ ታይፕ ተማሩ፤ ታይፕ ሲችሉ ከተሸካሚነት ወጡ። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ማን ይነካባቸዋል?

የላይኛውን ገጽ አየሁ። አሁን ነርስ የሆነች አንዲት ተማሪ የጻፈችው ነው።

«እትዬ፣ አባቴ በሞተ ሳምንት ወደ ክፍል ስመለስ ምንም ሳይጠይቁኝ ከአጠገብዎ ያስቀመጡኝን ቀን እስከ ዛሬ…»

እዚህ ላይ ደብዳቤው ተቋርጦ፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበራ የሰው ራስ ተሥሏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መላጣ ሆነዋል? በሰባት ቀን ጥቁር ጸጉር! አሁኑኑ ይጫኑ!»

ከዚያ ደብዳቤው ይቀጥላል፦ «…አልረሳውም።»

ሁለተኛውን ገለጥኩ። በመካከሉ «ቦርጭዎ አስቸገረዎት?» ይላል። ሦስተኛው ላይ «እንኳን ደስ አለዎት! ሚሊዮንኛው ጎብኚያችን ነዎት!» የሚል ነበር።

ቀና ብዬ ጋሽ እሺን አየኋቸው። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ልጆቹ እንዴት እንደ ሠለጠኑ አየህ? በየደብዳቤው ሥዕል አግብተዋል። የዚህ መላጣ ሰውዬ ነገር ግን መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳስበው፣ የእትዬ ጸጉር ሳስቷል መሰለኝ። ልጅቷ ነርስ አይደለች? አስባላቸው ነው።»

መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ዓይነ አፋርነቴ ያዘኝና «ጥሩ ነው ጋሼ» ብዬ ወረቀቱን አስተካከልኩ። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታዬ ጨዋነት አልነበረም። ሌላ ሰው ባይደርስልን ኖሮ መላጣውን ሰውዬ በወርቃማ ሽፋን ጠርዤ ለመምህርቷ አስረክብ ነበር።

የደረሰችልን የጋሽ እሺ የእህት ልጅ ናት። በሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። የዕረፍት ቀኗ ስለነበር አጎቷን ልትጠይቅ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ሰላም ብላን አንገቷን ወደ ወረቀቱ አሰገገች፤ አነበበች፤ ከዚያ ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ጋሼ፣ መምህርቷን ሊሸኙ ነው ወይስ ሊሰድቡ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይሄ እኮ ማስታወቂያ ነው! ልጅቷ የጻፈችው አይደለም። ደብዳቤውን ከኢንተርኔቱ ገጽ ላይ በቀጥታ ነው ያተሙት አይደል?»

«አዎ፤ እየከፈትኩ አተምኩ።»

«በቃ። ኮምፒውተርዎ ውስጥ አድዌር ገብቷል። አድዌር ማለት ማስታወቂያ ለማሳየት ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ነው። የሚከፍቱት ገጽ ሁሉ ውስጥ እየገባ የራሱን ይለጥፋል። ጋዜጣ ቢከፍቱም፣ የሰው ደብዳቤ ቢከፍቱም ለእሱ አንድ ነው።»

የጋሽ እሺ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጡ። አንዱም ንጹሕ አልነበረም።

«አርባ ሦስቱም?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እትዬ እጅ ላይ ይሄ ሊገባ ነበር?»

«ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው» አለች ልጅቷ። «ጠራዡ፣ እስከ ስንት ሰዓት ትጠብቀናለህ?»

«እስከ ስድስት» አልኩ።

«ይበቃል። ኑ።»

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ስንገባ በሩ አልዘጋ አለ። የድሮው የታይፕ መኪና በጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩና ማተሚያው፣ ከፊት ለፊት የባለጉዳይ በርጩማ አለ። ጋሽ እሺ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ መስኮት በመስኮት ላይ እየተደራረበ መጣ። አንዱ ጫማ ይሸጣል፣ አንዱ ዕድል ይነግራል፣ አንዱ ደግሞ በቀይ ጽሑፍ «ኮምፒውተርዎ ሠላሳ ሰባት ቫይረስ አለበት! ለማጽዳት ይህን ያውርዱ!» እያለ ይጮኻል። ጋሽ እሺ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ» የሚለውን ሊጫኑ ሲሉ፣ የእህታቸው ልጅ እጃቸውን ያዘች።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ጠየቀኝ እኮ! ደግሞ ሊያጸዳልኝ ነው።»

«የሚጮኸው ራሱ አቆሻሹ ነው። አጽጂ ነኝ ብሎ ሌላ ጓደኛውን ሊያስገባ ነው። ኮምፒውተርዎ ውስጥ ስንት ቫይረስ እንዳለ የማያውቁት ገጽ ከየት ያውቃል? ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁለት ሳምንት ወዲህ። ለመጽሐፉ ርእስ ቆንጆ የፊደል ቅርጽ ፈልጌ፣ በነጻ የሚል አገኘሁና አወረድኩ።»

«ሲጭኑት ምን ምን ጠየቀዎት?»

«ብዙ ጠየቀኝ። ትሑት ነበር። የአየር ሁኔታ ልንገርዎት? አለኝ፤ እሺ አልኩ። ፍለጋ ላግዝዎት? አለ፤ እሺ አልኩ። የቅናሽ ዕቃ ልጠቁምዎት? አለ…»

«እሺ አሉ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ልጄ፣ የጠየቀን ሰው እምቢ ማለት እኔ አልተማርኩም። በልጅነቴም በጉልምስናዬም በዚሁ ነው የኖርኩት።»

«ይሄ እኮ ሰው አይደለም፣ ጋሼ!»

«ከኋላው ግን ሰው አለ» አሉ ጋሽ እሺ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው። «ያን ማስታወቂያ የጻፈ ሰው አለ። ሸጦ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው አለ። ድሮ በየቤቱ እየዞሩ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። ሌላው በር ሲዘጋባቸው እኔ አንድ እንኳ ሳልሰማ መልሼ አላውቅም። አሁን ቁጭ ብሎ የሚሸጥ ስለሆነ ነው የምዘጋበት?»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሲሉ እኔም ከእሳቸው ጋር ወደ መስማማቱ አዘንብዬ ነበር። ልጅቷ ግን አልተናደደችም። ብርቱካን ልጣ ለአጎቷ ሰጠችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ልክ ነዎት፤ ከኋላው ሰው አለ። በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ሻጭ መጥፎ አይደለም። እሱን ይስሙ፤ ካልፈለጉ በደኅና ይሂድ። ይሄኛው ግን አላንኳኳም። ሌላ እንግዳ ሲያስገቡ ከካፖርቱ ሥር ተደብቆ ነው የገባው። ገብቶም አልጋ ሥር ተኛ። አሁን ሰው ሊያነጋግርዎት ሲመጣ ከአልጋው ሥር ‹መላጣ ሆነዋል?› ይላል።»

ጋሽ እሺ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። እኔ ሳቄን በእጄ አፈንኩ።

«ደግሞ» አለች ልጅቷ፣ «ከማስታወቂያው ኋላ ሰው እንዳለ ሁሉ ከደብዳቤውም ኋላ ሰው አለ። ይቺ ነርስ አባቷ የሞተበትን ሳምንት ነው የጻፈችው። ስንቴ ጽፋ ስንቴ እንደ ሰረዘችው እናውቃለን? ለማያውቁት ሻጭ ጨዋ ሲሆኑ፣ እሷን ንግግሯ መሐል ላይ አቋረጧት። ጋሼ፣ ለማን ነው ይሉኝታ የያዘዎት?»

ጋሽ እሺ ብርቱካኑን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ሆኖም ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አይረታም።

«እሱስ ይሁን። ግን እኔ ነኝ የፈቀድኩለት። ፈቅጄ አስገብቼ እንዴት መልሼ አባርራለሁ? ቃል አይደለም?»

«አንብበው ነው የፈቀዱት?»

«ምኑን?»

«የፈቀዱትን። ‹እሺ› ከማለትዎ በፊት ምን እንደሚል አነበቡት?»

«እንዴ፣ ጽሑፉ ረጅም ነው! ፊደሉም ደቃቃ ነው።»

ልጅቷ ከበርጩማው ተነሥታ ወደ አጎቷ ጎንበስ አለች። ድምፅዋን የእሳቸውን አስመስላ፣ ቃሉን እየረገጠች እንዲህ አለች፦ «‹ወንድሜ፣ ሳታነብ አትፈርም! ማመልከቻው የራስህ ነው፣ እስከ ነጥቧ አንብበው! ረጅም ነው አትበለኝ፤ መዘዙ ከጽሑፉ ይረዝማል!› ይህን ለባለጉዳይ ሁሉ የሚለው ማን ነው? ልጅ ሆኜ እዚህ በርጩማ ሥር ስጫወት ስንቴ ሰማሁት? አንድ ሽማግሌ ሳያነቡ ልፈርም ቢሉ ብዕሩን ከእጃቸው የነጠቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ እሺ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ኮምፒውተሩ አዩ። ከዚያም በሙያው የታወቀ ሰው በገዛ ሙያው ሲያዝ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብለው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ እያደገ ሄዶ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«ሠላሳ ዓመት!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሠላሳ ዓመት ሰውን ስገሥጽ ኖሬ፣ ለዚህ ለመላጣው ሰውዬ ሳላነብ ፈርሜ! በይ፣ ጉዴን አታብዢው። ምን እናድርግ?»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር የምነግርህ በአንተም ቤት ሊጠቅም ስለሚችል ነው።

ልጅቷ የኮምፒውተሩን ማውስ ለራሷ አልወሰደችም። «እርስዎ ይሥሩት፣ እኔ አሳያለሁ» አለች። መጀመሪያ የተጫኑት ፕሮግራሞች ዝርዝር የሚገኝበትን ቦታ አስከፈተቻቸውና በተጫኑበት ቀን ቅደም ተከተል አስደረደረችው። የፊደሉ ቅርጽ የወረደበት ቀን ላይ አራት ፕሮግራሞች እንደ ወንድማማች ተደርድረው ተገኙ። ሦስቱን ጋሽ እሺ ስማቸውን እንኳ ሰምተው አያውቁም።

«እነዚህ ናቸው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ደቂቃ የገቡ። የመጀመሪያውን ያስወግዱ።»

ጋሽ እሺ ተጫኑ። ወዲያው አንድ ትልቅ መስኮት ተከፈተ። በመካከሉ እንባው የሚንጠባጠብ ትንሽ ቡችላ ተሥሏል። «ሊለዩን ነው? በጣም እናዝናለን!» ይላል። ከሥሩ እንደ በር የሰፋ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፦ «እሺ፣ ይቆይ»። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በግራጫ፣ ለዓይን በማይሞላ ጽሑፍ «አስወግድ» ይላል።

የጋሽ እሺ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«አለቀሰ እኮ!»

«ጋሼ፣ ሥዕል ነው።»

«ቢሆንም…»

«ትልቁን ቁልፍ ለምን ትልቅ እንዳደረጉት ያውቃሉ? እንደ እርስዎ ያለ ደግ ሰው መኖሩን ስለሚያውቁ ነው። ደግነትዎን ነው የሚያጠምዱት። ያንብቡ፤ ከዚያ የራስዎን መልስ ይስጡ።»

ጋሽ እሺ መነጽራቸውን አጠለቁ። በጣታቸው እየተከተሉ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ጀርባቸውን አቀኑና፣ እኔ በዕድሜዬ ከእሳቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ።

«አይ።»

ተጫኑት። ቡችላው ጠፋ።

«ምን አለ?» ብለው ጠየቁ በሹክሹክታ።

«ምንም አላለም። ሄደ።»

«አልተቀየመም?»

ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን። ከላይ ቤት ያሉ ሴትዮ ምን ሆናችሁ ብለው ደረጃው ላይ ብቅ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ እሺን የሚያቆማቸው ጠፋ። ሁለተኛውን «አይ!» ሦስተኛውን «አይ!» አራተኛውን፣ የፊደሉን ቅርጽ ራሱን፣ «አንተም ውጣ፣ እነሱን ያመጣሃቸው አንተ ነህ!» አሉት። ሞቅ ሲላቸው ወደ ሌላም ተሻገሩ።

«ይሄስ? ይሄንንም አላውቀውም፤ ይውጣ!»

«ኧረ ይተዉ!» ብላ ልጅቷ ጮኸች። «እሱ የማተሚያው ነው! እሱን ካጠፉ በምን ልናትም ነው? የማያውቁትን ሁሉ አያጥፉ። ስሙን ይፈልጉ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።»

«እሱም ሳያነቡ መፈረም ነው ማለት ነው» አሉ ጋሽ እሺ፣ እጃቸውን ሰብስበው።

ቀጥሎ ኢንተርኔት የሚከፍቱበትን ፕሮግራም ፈተሹ። እሱም ላይ የተለጠፉ ሁለት ትናንሽ ተቀጥላዎች ተገኙ፤ ደብዳቤዎቹ መሐል ይገባ የነበረው ከእነዚህ አንዱ ነው። ተነቀሉ። የመነሻ ገጹና መፈለጊያው ተለውጠው ነበር፤ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች ዝርዝር ሲከፈት ሃያ ስድስት ሆነው ተገኙ። ለሃያ ስድስቱም ጋሽ እሺ እሺ ብለው ነበርና ሃያ ስድስቱንም አንድ በአንድ ከለከሏቸው። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጥንቱን ይዞት በመጣው የቫይረስ መከላከያ ፈጣን ፍተሻ ተደረገ፤ አንድ ቅሪት አግኝቶ አስወገደ። «ሙሉው ፍተሻ ረጅም ስለሆነ ወረቀቱን ካስረከብን በኋላ ይሠራል፤ የኢሜይሉንም የይለፍ ቃል ያኔ እንቀይራለን» አለች ልጅቷ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ምንም አልጮኸም። ምንም አልተደራረበም። ጋሽ እሺ ባዶውን ገጽ አይተው «ውይ፣ እንዴት ሰፊ ነው!» አሉ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። የነርሷ ደብዳቤ መጀመሪያ ታተመ። ጋሽ እሺ ወረቀቱን ገና ትኩስ እያለ ከማተሚያው አንሥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «…ከአጠገብዎ ያስቀመጡኝን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።» ሲጨርሱ ወረቀቱን አቀበሉኝና «አሁን ተናገረች» አሉ።

ልጅቷ ታትማለች፣ እሳቸው ያነብባሉ፣ እኔ አጥፌ እደረድራለሁ። አርባ ሦስተኛው ሲወጣ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ክምሩን አቅፌ እየሮጥኩ ወደ ሱቄ ገባሁ።

በማግሥቱ መጽሐፉ ደርቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ በጋሽ እሺ እጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ክፍሉ በቀድሞ ተማሪዎች ተሞልቶ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። መምህርቷ መጽሐፉን ተቀብለው ሽፋኑን ዳሰሱና፣ «አንተ፣ ይሄን አንተ ነህ ያተምከው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጄ እዚያ ቤት ኮምፒውተር ገዝቶ ያስቀመጠልኝ ይመስለኛል። እኔ ግን እፈራዋለሁ።»

«አይፍሩት፣ እትዬ» አሉ ጋሽ እሺ፣ ሙሉ ክፍሉ እየሰማቸው። «ልብ ይበሉ ግን፤ እንደ ሰው ይጠይቅዎታል፣ እንደ ሕፃንም ያለቅስብዎታል። ነጻ ነው ሲልዎ ከጎኑ ማን እንደ ቆመ ይዩ። የሚፈልጉትን ነገር ከባለቤቱ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ‹እሺ› ከማለትዎ በፊት እስከ ነጥቧ ያንብቡ፤ ካልገባዎ ‹አይ› ይበሉ፣ ምንም አይቀየምም። ሳያስቡት ከገባ ደግሞ የገባበትን ቀን ፈልገው በገባበት በር ያስወጡት። እኔ ይህን በማድረጌ ኮምፒውተሬ ፈጠነ፣ ዓይኔ አረፈ፣ የሰው ደብዳቤ በሰው ቃል ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሺታዬ ዋጋ አገኘ። ድሮ ለሁሉም ስለምሰጠው ለማንም አይደርስም ነበር።»

መምህርቷ በጥሞና ሰሙ። በዚህ መሐል የሽኝት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከረቫት ያሰሩ ትልቅ ሰው፣ ቀረብ ብለው መጽሐፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«እትዬ፣ እሱን ለጊዜው እናስቀምጥልዎትና ወደ ንግግሩ እንለፍ? አሥራ አንድ ተናጋሪዎች አሉ።»

መምህርቷ ሰውዬውን አዩአቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ እሺ ዞረው ፈገግ አሉ።

«አይ» አሉ። «መጀመሪያ ደብዳቤዎቼን ላንብብ።»

ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡና በዚያ ክፍሉን ሠላሳ ስምንት ዓመት በሞላው ድምፅ ማንበብ ጀመሩ። አሥራ አንዱም ተናጋሪዎች ወረቀታቸውን እያጠፉ ወደ ኪሳቸው መለሱ።